ከናይሮቢ እስከ ዳሬሰላም በዶሜይን ሰዎች መካከል

ናይሮቢ የሄድኩት የአገር ኮድ ዶሜይን ለሚያስተዳድሩ ቴክኒሻኖች በተዘጋጀ ስልጠና ላይ ለመገኘት ነው። የአገር ኮድ ዶሜይን የዌብሳይት አድራሻ መጨረሻ ላይ የሚገባው የአገር ምልክት ነው፤ የእኛ «ዶት ኢቲ»፣ የኬንያ «ዶት ኬኢ»፣ የታንዛኒያ «ዶት ቲዚ» ማለት ነው። እኔ ዌብሳይት ሠርቼ ነው የምኖረው። እነዚህ ፊደሎች እንጀራዬ ናቸው።

ከተማው ውስጥ ቶሎ ዓይኔን የሳበው የማስታወቂያ ሰሌዳ ነው። ጋራዡም፣ ትምህርት ቤቱም፣ የቀለም ሱቁም አድራሻው በ«ዶት ኬኢ» ያልቃል። ደስ አለኝ፤ ቀናሁም። የእነዚህን አድራሻዎች መዝገብ የሚይዘው ኬኒክ የተባለ ድርጅት ነው፤ አድራሻውን ለሕዝቡ የሚሸጡት ግን ብዙ የግል ድርጅቶች ናቸው። በኤምፔሳ መክፈልም ይቻላል።

እንደ ኬኒክ ያሉትን የአፍሪካ መዝጋቢዎች የሚያሰባስበው ማኅበር፣ ኤኤፍቲኤልዲ፣ ጽሕፈት ቤቱ እዚሁ ናይሮቢ ነው። የተቋቋመው በ2002 እ.ኤ.አ. ነው። አውሮፓ፣ እስያና ላቲን አሜሪካ ቀድመው የየራሳቸውን መሥርተው ነበር።

ስልጠናው ላይ ልቤን የያዘው ግን የኮፒ ነገር ነው። የአንድ አገር የዶሜይን መዝገብ፣ ማለትም የትኛው አድራሻ የት እንደሚገኝ የሚናገረው ዝርዝር፣ አንድ ሰርቨር ላይ ብቻ አይቀመጥም። ኮፒው ሌላ አገርም መኖር አለበት። ለምን? በግንቦት 2024 እ.ኤ.አ. ኢሲና ሲኮም የተባሉት የባሕር ኬብሎች ተበላሽተው ምሥራቅ አፍሪካ ኢንተርኔት ተቸግሮ ነበር። ታንዛኒያ በጣም ከተጎዱት አንዷ ናት። አሁን አንድ የአሩሻ አስጎብኚ አለ እንበል። ዌብሳይቱ ያለው ጀርመን ሰርቨር ላይ ነው፤ ስለዚህ ኬብሉ ቢበጠስም ገጹ አልጠፋም። ግን የ«ዶት ቲዚ» መዝገብ በሙሉ ታንዛኒያ ውስጥ ብቻ ቢሆን፣ ለንደን ያለው ቱሪስት ገጹ የት እንዳለ የሚነግረው አያገኝም። ኮፒው ውጭ ካለ ግን ቱሪስቱ ምንም ሳይታወቀው ጉዞውን ይይዛል። ሞሪሸስ ያለው አፍሪኒክ፣ በአፍሪካ የኢንተርኔት ቁጥሮችን የሚያድለው ድርጅት፣ ለአፍሪካ አገሮች ይህን ኮፒ ያለ ክፍያ ሲያስቀምጥ ኖሯል። ትልቅ ውለታ ነው።

ስልጠናው ሲያልቅ አብሮን ከሠለጠነ ታንዛኒያዊ ጋር በአውቶቡስ ወደ ዳሬሰላም ተነሣን። ናማንጋ ላይ የመውጫና የመግቢያ ማህተሙ አንድ ሕንፃ ውስጥ ነው፤ ሻንጣ ይዞ ከአገር አገር መሯሯጥ የለም። አሩሻ አደርን። ሚሽካኪያቸው፣ በእንጨት ተሰክቶ የሚጠበሰው ሥጋ፣ ይጣፍጣል። በማግስቱ ኪሊማንጃሮን ደመና ስለሸፈነው አላየሁትም።

መንገዱ ረጅም ስለሆነ ብዙ አወራን። ታንዛኒያዎች የዶሜይን መዝገባቸውን የሚያስተዳድሩበት ሶፍትዌር ፍሬድ ይባላል። የሠራው የቼክ መዝጋቢ ነው። ኮዱ ክፍት ስለሆነ ማንም ወስዶ ይጠቀምበታል፤ አንጎላና ማላዊም ወስደውታል። አንዱ ጋ የተፈታ ችግር ለሌላው መልስ ይሆናል። ስልኩን አውጥቶ የቴክኒሻኖቹን ግሩፕ አሳየኝ። ሌሊት ሰርቨር ሲወድቅ ጥያቄ የሚጣለው እዚያ ነው። አንዱ ቢተኛ ሌላው ይመልሳል። እኔ ከብዙ የተፈረመ ስምምነት ይልቅ ይሄ ይበልጣል ባይ ነኝ። ሰው ሳይተዋወቅ ደግሞ እንዲህ ያለ ነገር አይመጣም። ለዚህ ነው እነዚህ ስልጠናዎች ወጪያቸው የማይቆጨኝ።

ዳሬሰላም ስንደርስ መሽቷል፤ ሙቀቱ ግን አልበረደም። እራት ላይ ስለ እኛ ጠየቀኝ። «ዶት ኢቲ» ከ1995 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እንዳለ፣ የሚያስተዳድረውም ኢትዮ ቴሌኮም እንደሆነ ነገርኩት። ወደ እኔ የሚመጣው ደንበኛ ግን አብዛኛው «ዶት ኮም» እንደሚል አልደበቅኩትም። ይሄ ያንገበግበኛል። የአገራችን ስም በየሱቁ ሰሌዳ ላይ እንዲወጣ እፈልጋለሁ።

«ታዲያ አዲስ አበባ መቼ ነው የምትጠሩን?» አለኝ።

አዳራሽ አናጣም። የአፍሪካ ኅብረት ያለው እኛ ጋ ነው፤ አውሮፕላኑም ከየአገሩ ይመጣል። ከተመለስኩ በኋላ ዩኒቨርሲቲ ከሚያስተምሩ ጓደኞቼ ጋር ተቀምጠን የስልጠና ሐሳብ መጻፍ ጀምረናል። የመጀመሪያው ቀን ርዕስ ተወስኗል፤ የመዝገብ ኮፒ የት የት ይቀመጥ፣ ሰርቨር ሲወድቅስ ማን ለማን ይደውል የሚል ነው።