ከምን ተሠራች? የሰዓት ምርጫዬን የቀየረ ጥያቄ

ሰዓቷ ያመለጠችኝ ማታ እጄን ልታጠብ ሳወልቃት ነው። ከመታጠቢያው ጠርዝ ተንሸራትታ ወለሉ ላይ አረፈች። ድምፁ የብረት ድምፅ አልነበረም። ሲኒ ሲሰበር የሚሰማው ዓይነት አጭርና ደረቅ ድምፅ ነው። ቶሎ ብዬ አነሳኋት። ሰከንድ ቆጣሪዋ እየዞረች ነው። መስታወቷም ደህና ነው። ማሰሪያው ከቀፎዋ ጋር የሚያያዝበት አንዱ ጥግ ግን የለም። ተንበርክኬ ፈለግኩና በሩ ሥር አገኘሁት። ጥቁር፣ የትንሿን ጣት ጥፍር ግማሽ የማያክል ቁራጭ። ጫፉ እንደ ምላጭ ይቆርጣል።

ይቺ ሰዓት ሴራሚክ ናት። ሁለት ዓመት ሙሉ ሳስራት አንድ ጭረት አልያዘችም። ከግድግዳ ተጋጭታለች፣ የመኪና በር መቷታል፣ ቁልፍ ባለበት ኪስ ውስጥ ገብታ ወጥታለች። ምንም አልሆነችም። "ይቺማ አትበገርም" እያልኩ ላገኘሁት ሁሉ አውርቻለሁ። ያን ማታ የገባኝ ነገር ቀላል ነው። አለመጫርና አለመሰበር ለየቅል ናቸው።

ሰዓት መሰብሰብ የጀመርኩት እንደ አብዛኛው ሰው በስም ነው። ትልልቆቹን ስሞች ለየሁ፣ ገንዘብ አጠራቀምኩ፣ አንድ በአንድ ገዛሁ። አምስት ሲሞሉልኝ አምስቱም ስቴይንለስ ስቲል፣ አምስቱም ክብ፣ አምስቱም ለስፖርት የሚሆኑ ነበሩ። አንድ ቀን እንደኔው ሰዓት የሚሰበስብ ጓደኛዬ "ዓይንህን ጨፍንና እጅህን ዘርጋ" አለኝ። የራሴን ሰዓቶች በየተራ እያሰረልኝ "ይቺስ የትኛዋ ናት?" ይለኛል። ከአምስቱ የለየሁት ሁለቱን ብቻ ነው። ስድስተኛ ያሰረልኝን ግን ወዲያው አወቅኩ፤ የኔ አይደለችም። በጣም ከመቅለሏ የተነሳ "ሞተሯን አውጥተህባታል እንዴ?" አልኩት። ቲታኒየም ከሚባለው ቀላል ማዕድን የተሠራች፣ የእሱ ሰዓት ነበረች።

ያቺ ሙከራ ከአእምሮዬ አልወጣ አለች። ያን ሁሉ ገንዘብ አውጥቼ እጄ የማይለያቸው ሰዓቶች ነው የያዝኩት። ከዚያ በኋላ አንድ ውሳኔ ወሰንኩ። ከአምስቱ አራቱን እሸጣለሁ፣ ከዚያ ወዲያም ከአንድ ዓይነት ማቴሪያል የተሠሩ ሁለት ሰዓቶች አይኖሩኝም።

መሸጡ ራሱ ትምህርት ነበር። ስሟ ሁሉም ሰው አፍ ላይ ያለችው ሰዓት በአራት ቀን ተሸጠች። በሥራዋ ከእሷ የምትሻለው፣ ግን ስሟ ብዙ የማይታወቀው፣ አምስት ወር ፈጀችብኝ። ስለዚህ ብራንድ ከንቱ ነው የሚሉትን አልሰማም። ብራንድ ለመውጫህ በር ነው። ስትገዛ ባታስበውም ስትሸጥ ታገኘዋለህ።

መጀመሪያ የገዛሁት ቲታኒየም ነው። ዕዳ እንዳለበት ሰው ያቺን ቅለት ስፈልግ ነበር። የቲታኒየም ጥግግት፣ ማለትም የአንድ ኪዩቢክ ሴንቲሜትር ክብደቱ፣ 4.5 ግራም፣ የብረት (የስቲል) ደግሞ 8 ገደማ ነው፤ ግማሽ ሊሆን ትንሽ ነው የሚቀረው። ሌላም ነገር አለው። ጠዋት ስታስረው አይቀዘቅዝም፣ ምክንያቱም ሙቀት ቶሎ ከቆዳህ አይወስድም። ሲቲዝን በ1970 የመጀመሪያውን የቲታኒየም የእጅ ሰዓት አወጣ። የስዊሱ ሰዓት ሠሪ አይደብሊውሲ ደግሞ በ1980 ከፖርሽ ዲዛይን ጋር ሆኖ የቲታኒየም ክሮኖግራፍ፣ ማለትም ጊዜ መለኪያ ያለው ሰዓት፣ ሠራ። እኔ ሳልጠይቅ የገዛሁት ግሬድ 2 የሚባለውን ንጹሑን ነው። ደብዛዛ ግራጫ ነው፤ በቀላሉ ይጫራል። 6 በመቶ አሉሚኒየምና 4 በመቶ ቫናዲየም የተቀላቀለበት ግሬድ 5 የተሻለ ይችላል፣ ሲወለወልም ያበራል። ሻጩን አንድ ቃል ብጠይቀው ኖሮ ይነግረኝ ነበር። አሁን ቲታኒየም የሚል ጽሑፍ ሳይ መጀመሪያ የምጠይቀው ግሬዱን ነው።

ሁለተኛዋ ያቺ ሴራሚክ ናት። ከገዛኋት በኋላ ሳይሆን ከተሰበረች በኋላ ነው አሠራሩን ቁጭ ብዬ ያጠናሁት። ዚርኮኒየም ኦክሳይድ የሚባል ዱቄት ይጨመቅና ከ1400 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይጋገራል። ሲጋገር አንድ አምስተኛ ያህል ይኮማተራል፤ ስለዚህ ሠሪው ከመጀመሪያው አስልቶ ትልቅ አድርጎ ነው የሚቀርጸው። ከእቶን ከወጣ በኋላ ከአልማዝ በቀር የሚነካው መሣሪያ የለም። ይህ ሁሉ ሲሰማ ደስ ይላል። ግን ተገላብጦ ሲታይ፣ የተሰበረ ሴራሚክ አይበየድም፣ አይሞረድም፣ አይጠገንም። ሙሉ ቀፎው ይቀየራል። የኔን ሰዓት ይዤ ስሄድ የሰዓት ሠሪው የመጀመሪያ ጥያቄ "ቁራጩን ይዘሃል?" አልነበረም። "ይህን ሞዴል አሁንም ያመርቱታል?" ነበር። አዲሱ ቀፎ እስኪመጣ ስምንት ወር ጠበቅኩ፤ በመሀሉ ለአምራቹ ከጻፍኳቸው ሦስት ደብዳቤዎች መልስ ያገኘሁት ለአንዱ ብቻ ነው። የከፈልኩት ግን አልቆጨኝም፤ የቆጨኝ መለዋወጫ እንዳለ ሳልጠይቅ መግዛቴ ነው።

እዚህ ላይ የብራንድን ጉዳይ በሌላ ዓይን ማየት ጀመርኩ። ሴራሚክን ለረጅም ጊዜ የያዙ የሰዓት ሠሪ ቤቶች አሉ። ራዶ በ1962 ዳያስታር የሚባለውን ሰዓት ተንግስተን ካርባይድ ከሚባል በጣም ጠንካራ ነገር ሠርቶ አለመጫርን ዋና መለያው አደረገ፤ ወደ ሴራሚክ የመጣውም በዚያው መንገድ ነው። አይደብሊውሲ በ1986 ዳ ቪንቺን በሴራሚክ ቀፎ አወጣ። ሻኔል በ2000 ጄ12ን ሲያመጣ ሴራሚክን የቅንጦት ሰው ሁሉ እጅ ላይ አደረሰው። ብዙ ሰብሳቢዎች "ሻኔል እኮ የልብስ ቤት ነው" ብለው ያልፉታል። እኔ ግን አንድን ማቴሪያል ከ20 ዓመት በላይ ሳይለቅ የሠራ ቤት ዛሬ ከጀመረው ይልቅ መለዋወጫ እንደሚኖረው አምናለሁ።

ነሐስ ግን ሌላ ፍቅር ነው። መዳብና ቆርቆሮ የተቀላቀለበት፣ ድሮ የመርከብ ዕቃ የሚሠራበት። ታዋቂው የሰዓት ነዳፊ ጄራልድ ጄንታ በ1980ዎቹ ጌፊካ በሚባለው ሰዓቱ ላይ ተጠቅሞበታል። ሰብሳቢውን ያሳበደው ግን ፓኔራይ በ2011 ያወጣው ብሮንዞ ነው፤ 1000 ፍሬ ብቻ ተሠርቶ አለቀ።

የኔዋ ነሐስ የመጀመሪያው ሳምንት ላይ እንደ አዲስ ሳንቲም ታብረቀርቅ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ሻይ የተደፋባት መሰለች። በሦስተኛው፣ በየቀኑ ሞተሯን ስሞላ ጣቴ የሚያርፍበት ጠርዝ ብሩህ ሆኖ ቀረ፣ ሌላው ግን ቡናማ ሆነ። የጣቴ ቦታ ታተመባት ማለት ነው። በጣም ባላበኝ አንድ ቀን ማግሥት ደግሞ ማሰሪያው ሥር አረንጓዴ ነገር ወጣ፤ አንጓዬም ላይ አረንጓዴ ክብ ቀረ። በሳሙና ይለቃል። ብዙ ሠሪዎች ቆዳ የሚነካውን የጀርባ ክዳን ከቲታኒየም ወይም ከብረት የሚያደርጉትም ለዚህ ነው። እኔ ግን ደነገጥኩና ሎሚ ጨምቄ አጠብኳት። በአምስት ደቂቃ ውስጥ ያ ሁሉ ቀለም ሄደ። ሮዝ ቀለም ያላት ራቁት ሰዓት እጄ ላይ ቀረች። ሦስት ሳምንት የኖርኩት አብሮ ታጠበ። እንደገና መጥቆር ጀመረች፣ ግን እንደ መጀመሪያው አልሆነችም። ነሐስ የገዛ ሰው ቢያንስ አንድ ዓመት ምንም እንዳይቀባት፣ በደረቅ ጨርቅ ብቻ እንዲያብሳት እለምናለሁ።

ከካርቦን ክር የሚሠራውን ቀፎ ለረጅም ጊዜ ንቄው ነበር። ከወርቅ በላይ የሚሸጥ ፕላስቲክ መሳይ ነገር ይመስለኛል። ሐሳቤን ያስቀየረኝ አሠራሩ ነው። ሪቻርድ ሚል የሚባለው ሰዓት ሠሪ የሚጠቀምበት ኤንቲፒቲ ካርቦን ውፍረቱ ከ30 ማይክሮን (የሚሊሜትር ሺህኛ) ያልበለጠ ስስ ንጣፍ ተደራርቦ የሚሠራ ነው። እያንዳንዱ ንጣፍ ከበታቹ ካለው በ45 ዲግሪ ዞሮ ይቀመጥና በሙቀትና በግፊት ይጣበቃል። ሲቀረጽ እንደ እንጨት ዓመት ቀለበት የሚመስል መስመር ይወጣል። ያው ቤት በ2010 ለቴኒስ ተጫዋቹ ራፋኤል ናዳል የሠራለት ሰዓት ማሰሪያውን ጨምሮ 20 ግራም አይሞላም ነበር፤ ሰውየውም አስሮት ነው የተጫወተው። ሌላው ሰዓት ሠሪ ኦዴማር ፒጌ በ2007 በአሊንጊ የመርከብ እሽቅድምድም ቡድን ስም ያወጣው ደግሞ የተቆራረጠ የካርቦን ክር በሻጋታ ተጨምቆ የሚሠራ ነው። እንደ እብነ በረድ ይዥጎረጎራል፣ ሁለት አንድ ዓይነት አይወጣም። አቅሜ ስለማይደርስ ሁለቱንም የያዝኳቸው በሰው እጅ ነው። አሁን ግን ዋጋው የዕቃው ሳይሆን የድካሙ እንደሆነ ይገባኛል።

ስለ ዋጋ ካነሳን አይቀር፣ ሰብሳቢዎች "ያልተለመደ ማቴሪያል ጊዜያዊ ወሬ ነው፣ ብረት ግን ብረት ነው" ሲሉ ሁልጊዜ የምመልሰው አንድ ነገር አለ። ብረት ራሱ አንድ ጊዜ ያልተለመደ ነበር። ጄራልድ ጄንታ የነደፈው የኦዴማር ፒጌ ሮያል ኦክ በ1972 ሲወጣ ዋጋው ከብዙ የወርቅ ሰዓት የበለጠ የብረት ሰዓት ነበር። ሰው ግራ ተጋባ። ዛሬ የቅንጦት ስፖርት ሰዓት አባት እሱ ነው። ፓቴክ ፊሊፕ 1518 የሚባለውን ሞዴል በብዛት የሠራው በወርቅ ነው፤ በብረት የሚታወቁት አራት ብቻ ናቸው። ከአራቱ አንዱ በ2016 ጄኔቫ ውስጥ በጨረታ ከ11 ሚሊዮን የስዊስ ፍራንክ በላይ ተሸጠ። ያ ሞዴል ውስጥ ብርቅ የሆነው ብረቱ ነው።

በዚህ ምክንያት የሮሌክስና የፓቴክ ወዳጆችን እረዳቸዋለሁ። እነዚህ ቤቶች አይቸኩሉም። ሮሌክስ የመጀመሪያውን የቲታኒየም ሰዓት ለገበያ ያቀረበው በ2022 ነው፤ ሌላው ዓለም ከጀመረ ከ50 ዓመት በኋላ። ያ ትዕግሥት ለገዢው ዋስትና ነው። ግን ሁብሎ የሚባለውን ሰዓት ሠሪ የሚያጣጥሉትን አልከተልም። በ1980 ወርቅን ከጎማ ማሰሪያ ጋር ያጋባ ቤት ነው። ማጂክ ጎልድ የሚሉት ወርቃቸው ቀዳዳ ቀዳዳ ባለው የቦሮን ካርባይድ ሴራሚክ ውስጥ የቀለጠ ወርቅ በከፍተኛ ግፊት ተገፍቶ የሚሠራ ነው። 18 ካራትነቱን ሳይለቅ በቪከርስ፣ በጥንካሬ መለኪያው፣ ወደ 1000 የሚጠጋ ጥንካሬ አለው። ቅርጹን አትወደው ይሆናል፤ እኔም ብዙዎቹን አልወዳቸውም። ሥራው ግን ሥራ ነው።

አንዴ ተታልያለሁም። ፊቷ ከሰማይ ከወደቀ ድንጋይ፣ ከሜትዮራይት፣ ተሠርቷል የተባለች ሰዓት ከአንድ ግለሰብ ገዛሁ። እውነተኛው የብረትና የኒኬል ድብልቅ ነው። ሕዋ ላይ በሚሊዮኖች ዓመታት ቀስ እያለ ሲቀዘቅዝ የተጠላለፉ መስመሮች ያበቅላል፤ አሲድ ሲነካው መስመሮቹ ይወጣሉ። ናሚቢያ የተገኘው ጊቤዮን በዚህ የታወቀ ነው። ቤት ገብቼ በአጉሊ መነጽር ሳየው፣ 2 ቁጥር አጠገብ ያለው የሦስት መስመር መጋጠሚያ 8 ቁጥር አጠገብም ቁልጭ ብሎ አለ። የታተመ ነው። ተፈጥሮ እንዲህ አትደግምም። እውነተኛውን ደግሞ በብርሃን ስታዘነብለው ብሩህ የነበረው መስመር ይጠቁራል፣ የጠቆረው ይበራል። የታተመው ግን ባለበት ይቆያል። ይህን አሁን ሳልፈትሽ እጄን ወደ ኪሴ አልሰድም።

በቅርቡ አንድ ሰብሳቢ ኤፍ ፒ ዡርን የሚባለው ሰዓት ሠሪ የሠራውን ክሮኖሜትር ብሉ አሰረልኝ። በ2009 የወጣ ነው፤ ቀፎው ታንታለም ከሚባል ከባድ ማዕድን ነው። ጥግግቱ ከ16 በላይ፣ የሚቀልጠው ከ3000 ዲግሪ በላይ። እጄ ላይ ሲያርፍ እንደ ወርቅ ከበደኝ። ቀለሙ ግን ዝናብ ሊጥል ያለ ሰማይ ይመስላል፤ ግራጫ ሆኖ ሰማያዊ ይጠቅሰዋል። መሣሪያ ስለሚበላ የሚቀርጸው ሰው ጥቂት ነው። የሌሊቱን ግማሽ ስለሱ ሳስብ አደርኩ። በታንታለም የምትሠራ ሌላ፣ አቅሜ የምትችላት ሰዓትም አይቻለሁ። ሻጯን ሁለት ጥያቄ ጠየቅኩት። ብትጎዳ ቀፎዋን ማን መልሶ ያለሰልሳታል? ከአሥር ዓመት በኋላስ ትርፍ ቀፎ ይኖራችኋል? ለመጀመሪያው መልስ ሰጠኝ። ሁለተኛውን እየጠበቅኩ ነው።