የከዚራውን ቤታችንን ሳናፈርስ ማደስ

ድሬዳዋ ላይ አሮጌ ቤት ለማደስ የተነሣ ሰው ከግንበኛው የሚሰማው የመጀመሪያ ምክር «እህቴ፣ አፍርሰሽ በብሎኬት ብትሠሪው ይሻልሻል» የሚል ነው። እኛ ግን ከወላጆቻችን የተረከብነውን በከዚራ ሰፈር ያለ ቤት ስናድስ የድንጋይ ግድግዳውን አልነካንም፤ ለተፈጥሮ አካባቢ ካደረግነው ነገር ሁሉ የሚበልጠውም ይኸው ነው ብዬ አምናለሁ። አንድ ቶን ሲሚንቶ ሲመረት ከ600 እስከ 900 ኪሎ ግራም የሚደርስ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወደ አየር ይለቀቃል፤ ከዚህም ከግማሽ በላዩ የሚመጣው ከነዳጁ ሳይሆን ጥሬ ዕቃው የኖራ ድንጋይ ራሱ በእሳት ሲፈርስ ነው። ስለዚህ ምድጃው የቱንም ያህል ቢሻሻል ይህ ድርሻ አይቀርም። የቆመ ግድግዳ ግን አዲስ ሲሚንቶ አይጠይቅም።

የቤታችን ችግር ጣራው ነበር። የድሬዳዋ ፀሐይ በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ መጨረሻ ቀትር ላይ ልክ አናት ላይ ስለምትቆም፣ ከግድግዳው ይልቅ ቆርቆሮው ነው የሚመታው። ያልተቀባ የዚንክ ቆርቆሮ ብርሃን ቢያንጸባርቅም የዋጠውን ሙቀት መልሶ ለመልቀቅ ዳተኛ ስለሆነ እጅ እስኪያቃጥል ይግላል። የቀባነው ነጭ የጣራ ቀለም ግን አብዛኛውን ጨረር ይመልሳል፤ የዋጠውንም ጥቂት ሙቀት ቶሎ ይለቃል። አሮጌው የቺፑድ ኮርኒስ ሲወርድ ደግሞ ሌላው ምክንያት ታየን። በጣራውና በኮርኒሱ መካከል ያለው ክፍተት ግራና ቀኝ በግንብ ተደፍኖ ኖሮ፣ የገባው ሙቀት መውጫ አጥቶ ቀኑን ሙሉ በራሳችን ላይ ተኝቶ ይውል ነበር። በሁለቱም በኩል ቀዳዳ አስከፍተን ወፍና አይጥ እንዳይገባ የሽቦ ወንፊት አስመታንበት። አሁን በቀትር መሰላል ላይ ወጥቶ እጁን ወደ ቀዳዳው ያስጠጋ ሰው ትኩሱ አየር እየተገፋ ሲወጣ ይሰማዋል። ኤሲ የመግዛቱ ሐሳብ በዚሁ ቀረ፤ ማራገቢያው ይበቃናል።

ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ ቀን የጠጣውን ሙቀት ሌሊት ስለሚተፋ፣ መስኮቶቹን በቀን ዘግቶ አመሻሽ ላይ በተቃራኒ አቅጣጫ መክፈት ያስፈልጋል። የድሮ ሰዎች ይህን ያውቁ ስለነበር ባለ ስንጥር የእንጨት መዝጊያ ያሠሩ ነበር፤ እኛም የተሰበሩትን አስጠገንን እንጂ በመስታወት አልተካናቸውም።

ውሃውን በተመለከተ ስሌቱ ቀላል ነው። በአንድ ካሬ ሜትር ጣራ ላይ የሚወርድ አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ አንድ ሊትር ይሆናል። የከተማችን የዓመት ዝናብ 600 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ 60 ካሬ ሜትር ጣራ ወደ 36,000 ሊትር ያህል ይቀበላል ማለት ነው፤ የሚፈሰውና የሚተነው ተቀንሶም ብዙ ይተርፋል። አሸንዳ አሠርተን ወደ ሮቶ አስገባነው፤ የመጀመሪያው ዝናብ አቧራውን ይዞ ስለሚወርድ ወደ ውጭ ይለቀቃል፣ የቀረው ለልብስና ለተክል ይውላል። ከጉድጓድ የሚወጣው የከተማው ውሃ ጀበናውንና ማንቆርቆሪያውን ነጭ ቅርፊት የሚያስይዝ በመሆኑ፣ የዝናቡ ውሃ ሳሙናን እንዴት እንደሚያረፋ ያየች እናቴ ሌላ ሮቶ እንዲገዛ ትጠይቃለች።

የግቢውን ሊሾ አስነቅለን በአሸዋ ላይ ድንጋይ አነጠፍንበት፤ ውሃው በየመገጣጠሚያው ወደ መሬት ይሰርጋል። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ብዙ ሕይወት የቀጠፈው ጎርፍ ከደጋው የወረደ ነበርና የእኛ ግቢ አያስቆመውም ነበር። ሆኖም እያንዳንዱ ግቢ በሲሚንቶ ሲደፈን የከተማው ጎዳና ራሱ ወንዝ ይሆናል፤ ይህን በየክረምቱ እናየዋለን።

የሚቀረን የምዕራቡ ግድግዳ ነው። ከሰዓት በኋላ የምታዘነብለውን ፀሐይ ክዳኑ ስለማይከልላት፣ በዚያ በኩል ከመሠረቱ ራቅ አድርገን የኒም ችግኝ ተክለናል፤ ዛፉ እስኪደርስ ድረስ ደግሞ በቀርከሃ ዳስ እንጋርደዋለን።