አውሮፕላኑ በተሠራበት አካባቢ ሆኖ ማልቀስ

መጋቢት በገባ ቁጥር አዲስ አበባ ያሉ ጓደኞቼ «አንቺስ አውሮፕላኑ የወደቀ ቀን የት ነበርሽ?» ይሉኛል። አንዷ ቅዳሴ አስቀድሳ ስትወጣ እንደ ሰማች፣ ሌላዋ ቁርስ አቀራርባ ቴሌቪዥን ስትከፍት ክው ብላ እንደ ቀረች እርስ በርሳቸው ሲነጋገሩ ቆይተው ነው ወደ እኔ የሚዞሩት። የእኔ ተራ ሲደርስ ግን ጥያቄው ይለወጥና «ቦይንግ የሚሠራበት ከተማ አይደለም እንዴ የምትኖሪው? ታዲያ ሰዎቹ ምን አሉሽ? ይቅርታ ጠየቁሽ?» ይሆናል። ይህን የሚሉት ከቅንነት ነው፤ የምኖርባት የአሜሪካዋ ከተማ የሲያትል ሰው ሁሉ እንደ ሀገር ቤት ልቅሶ ደራሽ ተራ በተራ እየገባ «ያጥናሽ» ሲለኝ የሰነበተ ይመስላቸዋል። በስልክ ለመመለስ ሁልጊዜ ያቅተኛልና ዛሬ በጽሑፍ ልመልስላቸው።

እሑድ መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ የበረራ ቁጥር 302፣ ቦይንግ 737 ማክስ የተባለው አውሮፕላን፣ ወደ ናይሮቢ ለመሄድ ከቦሌ የተነሣው ጠዋት 2 ሰዓት ከ38 ሲሆን፣ ከ6 ደቂቃ በኋላ ቢሾፍቱ አቅራቢያ ቱሉ ፈራ በተባለ ስፍራ ወደቀ። 149 መንገደኞችና 8 የበረራ ሠራተኞች፣ በድምሩ 157 ሰዎች፣ አንድም ሳይተርፍ አለቁ። ያ ሰዓት ለሲያትል ገና የቅዳሜ ምሽት 3 ሰዓት ከ44 ነው። እኔ በምሠራበት የአረጋውያን መጦሪያ የማታ ፈረቃ ላይ ነበርኩ፤ አንዲት እናት እግራቸው እንዳያብጥ ቀኑን ሙሉ የሚያጠልቁትን ጥብቅ ካልሲ ቆዳቸው እንዳይላጥ ቀስ እያልኩ አወልቅላቸው ነበር። ከዚያ ሰዓት የማስታውሰው ይህንኑ ብቻ ነው።

ስልኬ መንቀጥቀጥ የጀመረው እኩለ ሌሊት ሲቃረብ ነው። የጠቅላይ ሚኒስትሩ ጽሕፈት ቤት የሐዘን መግለጫ አውጥቶ፣ ያንን መግለጫ በየስልኩ ሰው ለሰው ሲያስተላልፈው ደረሰኝ። በእኛ ባህል መርዶ ሥርዓት አለው፤ ሽማግሌ ተመርጦ፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ሰውየው ምግብ መቅመሱና ብቻውን አለመሆኑ ተረጋግጦ፣ ሲነጋጋ ነው የሚነገረው። እኔ የሰማሁት በአንሶላ መደርደሪያው ክፍል ውስጥ ቆሜ፣ የጽዳት ጋሪ ተደግፌ ነው። አብራኝ የምትሠራ ኬንያዊት ነበረች፤ ከሟቾቹ 32ቱ ኬንያውያን እንደሆኑ ገና አልታወቀም፤ ነገር ግን «ወደ ናይሮቢ» የሚለውን እንዳየች እጇ ተንቀጠቀጠ፣ ስልኳንም አውጥታ እቤቷ መደወል ጀመረች። ሁለታችንም የማናውቃቸውን ሰዎች ስም ስንጠብቅ ፈረቃችን አለቀ። ሌሊቱ ደግሞ በአሜሪካ ሰዓት አንድ ሰዓት ወደ ፊት የሚገፋበት ሌሊት ስለነበር፣ እንቅልፍ ባጣሁበት አልጋ ላይ 8 ሰዓት ሲጠበቅ 9 ሆነ።

ሰኞ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያወጀው ብሔራዊ የሐዘን ቀን ነበር። በዚህ በሰው ሀገር ግን የሐዘን ፈቃድ የሚሰጠው ቅጹ ላይ ለተዘረዘሩት ለእናት፣ ለአባት፣ ለልጅ፣ ለወንድምና ለእህት፣ ለትዳር ጓደኛ ነው፤ ስለ ሀገር የሚሞላ ቦታ የለውም። እናም ጥቁር ነጠላዬን ቦርሳዬ ውስጥ አጥፌ ወደ ሥራ ሄድኩ።

ለጓደኞቼ በስልክ መናገር የሚያቅተኝ ከዚህ በኋላ ያለው ነው። ከምንከባከባቸው አረጋውያን አንዱ ዕድሜያቸውን በአውሮፕላን ፋብሪካ የጨረሱ ሰው ናቸው፤ ጨዋ፣ በየቀኑ ስሜን አስተካክለው ለመጥራት የሚጥሩ። የደም ግፊት መለኪያውን ክንዳቸው ላይ ስጠቀልል «ስለ ሀገርሽ ሰማሁ፣ አዝናለሁ» አሉኝ፤ ወዲያው ትንፋሽ ሳይወስዱ «ለመሆኑ አብራሪዎቻችሁ የት ነው የሚማሩት? ልጁ ስንት ሰዓት በርሯል?» ብለው ጠየቁኝ። በዕረፍት ክፍል ያሉ ባልደረቦቼም በየተራ በሌላ አነጋገር ይህንኑ ጠየቁኝ። እንዲህ ያለ ጥያቄ በክፋት ቢጠየቅ ይቀላል፤ ሰው መልስ ይሰጥና ይገላገላል። የእነርሱ ግን ከልባቸው የማወቅ ፍላጎት ነበር፤ ያቃጠለኝም ይኸው ነው። ማን እንደሞተ፣ ስንት እናት ቤት ድንኳን እንደተተከለ የጠየቀኝ ከኬንያዊቷ በቀር አልነበረም። አስከሬን ገና ሳይለቀም የሟቹ ችሎታ በእኔ አንደበት ለፍርድ ቀረበ፤ እኔም እያዘንኩ በጠበቃነት ቆምኩ።

ካፒቴን ያሬድ ጌታቸው የ29 ዓመት ወጣት፣ አባቱ ኢትዮጵያዊ እናቱ ኬንያዊት፣ ከ8,000 ሰዓት በላይ የበረረ ሰው ነበር። ረዳቱ አሕመድኑር መሐመድ ገና 25 ዓመቱ ነበር። እኔ በማየው የቴሌቪዥን ጣቢያ የረዳቱ የበረራ ሰዓት ማነስ ከቀን ቀን ይነገር ነበር፤ የካፒቴኑ ልምድ ግን ጎልቶ አይወራም ነበር። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1946 እ.ኤ.አ. ወደ ካይሮ በመብረር የጀመረ፣ የራሱ የአቪዬሽን ትምህርት ቤት ያለው፣ ከአፍሪካ አየር መንገዶች ድሪምላይነር የተባለውን የቦይንግ አውሮፕላን ቀድሞ የተረከበ መሆኑን ስናገር የሚገርማቸው ብዙ ናቸው። ያንንም አውሮፕላን ከገዛ ግዛታቸው፣ ከሲያትል አጠገብ ካለችው ከኤቨረት ከተማ ነበር በ2012 እ.ኤ.አ. የወሰድነው።

የእኛንም ሰው ሳልናገር አላልፍም። በቡና መጠጫው፣ በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ፣ በታክሲ ሾፌሮቹ መቆሚያ ሁሉም አንድ ሌሊት አድሮ የአውሮፕላን መሐንዲስ ሆነ። «ተኩሰውበት ነው» የሚለው አለ፣ «አውቀው ነው» የሚለው አለ፣ መሪው እንዴት እንደሚያዝ በስኳር ዕቃ የሚያሳይ አለ። ቁጭ ብሎ ማልቀስን የሚያህል የሐዘን ሥርዓት ያለን ሰዎች፣ አልቃሽ የምናቆም ሰዎች፣ ስለ ሞተርና ስለ ክንፍ ስንከራከር የሰልስቱ ቀን አለፈን። በዚህ እስከ ዛሬ አዝናለሁ።

መጋቢት 8 ቀን በአዲስ አበባ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል የ17ቱ ኢትዮጵያውያን ሣጥኖች በሰንደቅ ዓላማ ተሸፍነው ሲገቡ በስልኬ አየሁ። ውስጣቸው አስከሬን አልነበረም፤ ለቤተሰቦች የተሰጣቸው አደጋው ከደረሰበት ስፍራ የታፈሰ አፈር ነው። በዚያው እሑድ እዚህ የከተማችን ጋዜጣ ሲያትል ታይምስ ኤምካስ የተባለው የማክስ አውሮፕላኖች የቁጥጥር ሥርዓት ለደኅንነት ሲፈተሽ የቀረበው ጥናት ከባድ ስሕተቶች እንደነበሩበት ጽፎ ወጣ። የአውሮፕላኑን አፍንጫ ወደ ታች የሚደፋው ይህ ሥርዓት የሚተማመነው በአንድ ሴንሰር ብቻ ነበር፤ ከ5 ወር ያህል በፊት ኢንዶኔዥያ ውስጥ 189 ሰዎች ይዞ በወደቀው የላየን ኤር አውሮፕላንም ላይ ያው ሥርዓት ነበር፤ ከዚያ አደጋ በፊት በአብራሪዎች መመሪያ ውስጥ እንኳ አልተጻፈም። መጋቢት 26 ቀን ደግሞ የትራንስፖርት ሚኒስትሯ ዳግማዊት ሞገስ የመጀመሪያ ደረጃ ሪፖርቱን ይዘው ቀርበው፣ አብራሪዎቹ አምራቹ ያወጣውን የአሠራር ቅደም ተከተል ደጋግመው ፈጽመው እንኳ አውሮፕላኑን መቆጣጠር እንዳልቻሉ ተናገሩ። ያን ቀን ከፈረቃዬ በፊት መኪናዬ ውስጥ ሆኜ አለቀስኩ፤ ከአደጋው ወዲህ ለማንም መልስ መስጠት ሳይጠበቅብኝ ያለቀስኩት ያኔ ነው።

ሁሉ ነገር በዚያ አልተዘጋም። በታኅሣሥ 2022 እ.ኤ.አ. የመጨረሻው ሪፖርት ሲወጣ የአሜሪካና የፈረንሳይ መርማሪዎች የበረራ ሠራተኞቹ ድርሻ በበቂ ሁኔታ አልተመረመረም ብለው ቅሬታቸውን አሰምተዋል፤ ይህንንም የሚጠይቀኝ ካለ አልደብቅም። ቦይንግ ግን በጥር 2021 እ.ኤ.አ. ከአሜሪካ ፍትሕ መሥሪያ ቤት ጋር ተስማምቶ ከ2.5 ቢሊዮን ዶላር በላይ ለመክፈል ሲፈርም፣ የራሱ ሠራተኞች ስለ ኤምካስ የአቪዬሽን ተቆጣጣሪውን መሥሪያ ቤት ማሳሳታቸውን አምኗል። የተጠየቅሁት ስለ ያሬድ ትምህርት ቤት ነበር፤ ስለዚህ ጉዳይ ግን በዕረፍት ክፍላችን አንድም ሰው አንሥቶ አያውቅም። በአውሮፕላን ፋብሪካ የሠሩት ሽማግሌም ይቅርታ አልጠየቁኝም፤ እኔም አልጠበቅሁም። አደጋው በደረሰበት በ2019 እ.ኤ.አ. በጋ ከአደጋው በኋላ በረራ የታገዱት አዳዲስ የማክስ አውሮፕላኖች ማቆሚያ ጠፍቶላቸው በሠራተኞች የመኪና ማቆሚያ ውስጥ ሲቆሙ፣ የየሀገሩ ቀለም የተቀባ ጅራታቸው ከመኪኖቹ በላይ ተደርድሮ ይታይ ነበር። በከተማው የሚወራው ስለ ሥራ ማጣት ሆነ፤ ባሏ ፋብሪካ የሚሠራ ባልደረባዬ ስትጨነቅ እኔም ከልቤ አጽናናኋት። ልጆች አሏት።

አሁን ለመምጣት ወረቀት የምታዘጋጁ ወንድሞችና እህቶች ስለ ቪዛና ስለ ደመወዝ ትጠይቁኛላችሁ፤ ይህን ግን የሚጠይቀኝ የለም። ሀገራችሁ ላይ አደጋ ሲደርስ ያላችሁበት ቦታ ፈረቃ እንጂ ድንኳን አይኖርበትም፤ ከማዘናችሁ በፊትም ትጠየቃላችሁ። ያን ሰዓት የሚመልሰው ሰው እናንተ ትሆናላችሁና ስለ ሀገራችሁ በቁጥርና በዓመተ ምሕረት እያወቃችሁ ኑ። ከሁሉ በፊት ግን፣ ገና አንድ ሳምንት ሳይሆነው ስለ ሟች ችሎታ ለሚጠይቃችሁ ሰው «አሁን እያለቀስን ነው፣ ሌላውን በኋላ» ለማለት አትፈሩ፤ እንዲህ በማለቱ ከሥራ የተባረረ ሰው አላየሁም። የሐዘን ፈቃድ ባይሰጣችሁም ከዓመት ፈቃዳችሁ ቀንሳችሁ ውሰዱ፤ አንድ ቀን ቤታችሁ ዋሉ፣ በአቅራቢያችሁ ያለውን ሐበሻ ጠርታችሁ ንፍሮ ቀቅሉ። እኔ መጋቢት 1ን እንዲህ ነው የማሳልፈው፤ ኬንያዊቷም ፈረቃዋን አስቀይራ ትመጣለች።