ኪሚኮ ዳቴ ስትመለስ

ሰሞኑን ልጆቹ ከተኙ በኋላ የማየው የኪሚኮ ዳቴን የድሮ ግጥሚያዎች ነው። ስለ ጃፓን ሴቶች ቴኒስ ሲነሳ ዛሬ ሁሉም የሚጠራው ናኦሚ ኦሳካን ነው። አራት የግራንድ ስላም (የቴኒስ ትልልቆቹ ውድድሮች) ዋንጫዎችን የወሰደች ልጅ ናትና ይገባታል። እኔን ግን እንቅልፍ የነሳችኝ ዳቴ ናት።

የኪዮቶ ተወላጅ ናት። ተፈጥሮዋ ግራኝ ነው፤ የምትጫወተው ግን በቀኝ እጇ ነው። በ1995 (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው) ከዓለም 4ኛ ሆነች። ከእሷ በፊት ከአንድ እስከ አሥር የገባች ጃፓናዊት አልነበረችም።

አጨዋወቷን ልብ ብላችሁ እዩት። ብዙዎቹ ተጫዋቾች ወደ ኋላ ሸሸት ብለው ኳሱ ነጥሮ እስኪመቻቸው ይጠብቃሉ። እሷ መስመሩ ጋ ትቆምና ኳሱ መሬት ነክቶ ገና ቀና ሲል ትመታዋለች። እጇን ብዙም ወደ ኋላ አትስብም። ኳሱ መረቡን ለጥቂት አልፎ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ጉልበቱን የምታገኘው ከተጋጣሚዋ ምት ነው። ዓይንና እግር ካልፈጠኑ ይሄ ነገር አይሞከርም።

በ1996 ቶኪዮ፣ አሪያኬ ሜዳ ላይ የዘመኑን ኮከብ፣ ጀርመናዊቷን ስቴፊ ግራፍን ያሸነፈችው እንዲህ እየተጫወተች ነው። የአገር ለአገር ውድድር ነበር። ብዙ ጊዜ ስድስት ላይ የሚያልቀው ዙር፣ ሦስተኛው ላይ 12 ለ 10 አለቀ! በዚያው ዓመት ዊምብልደን በሚባለው የለንደን ታላቅ ውድድር ግማሽ ፍጻሜ ላይ ሁለቱ እንደገና ተገናኙ። አንድ አንድ ዙር ከተካፈሉ በኋላ መሸና ጨዋታው ለማግስቱ አደረ፤ ግራፍ አሸነፈች። ከጥቂት ወራት በኋላ ዳቴ ቴኒስን ተወች። ገና 26 ዓመቷ ነበር። ከአገር አገር መንከራተቱ አታክቷት ነበር።

ከዚያ ኑሮዋን ኖረች። ጀርመናዊ የመኪና ተወዳዳሪ አገባች። ለንደን ሄዳ ማራቶን ሮጠች።

በ2008፣ በ37 ዓመቷ ተመለሰች። አመላለሷ ነው ልቤን የነካው። ጊፉ በምትባል የጃፓን ከተማ፣ ትንሽ ውድድር ላይ፣ ከማጣሪያ ጀመረች። ከዓለም 4ኛ የነበረች ሰው ማጣሪያ ተሰልፋ! በነጠላ እስከ ፍጻሜ ደረሰች። በጥንድ ደግሞ ከ16 ዓመቷ ኩሩሚ ናራ ጋር ተጣምራ ዋንጫውን ወሰደች። እናትና ልጅ ቢሆኑ ማንም አይገረምም። ለወጣቶቹ መነሳሻ መሆን እፈልጋለሁ ብላ ነበር፤ ይኸው ከጎናቸው ቆማ ተጫወተች።

እኔም በቅርቡ ትምህርት ቤት እያለሁ እወደው ወደነበረው መረብ ኳስ ተመልሻለሁ። እሁድ እሁድ ጠዋት ከሰፈር ሴቶች ጋር እንጫወታለን። አንዷ የሥራ ባልደረባዬ ስትሰማ «አንቺ ደግሞ፣ በዚህ ዕድሜሽ!» አለችኝ። ክፋት የላትም፣ አውቃለሁ። ግን ከነከነኝ። ሴት ልጅ ሠላሳዎቹን ከጨረሰች ሩጫዋ ወደ ጓዳ ብቻ ነው ያለው ማነው?

ዳቴ 39 ዓመት ሊሞላት አንድ ቀን ሲቀራት ሴኡል ላይ ዋንጫ አነሳች። በ40 ዓመቷ ዊምብልደን ላይ ከአሜሪካዊቷ ኮከብ ቬነስ ዊሊያምስ ጋር ያደረገችውን ግን ፈልጋችሁ እዩልኝ። ዝናብ ስለነበር ጣሪያው ተዘግቷል። ዳቴ መረቡ ጋ እየሮጠች ትደርሳለች፣ የቬነስን ከባድ ሰርቭ (ጨዋታ ማስጀመሪያ ምት) ቆርጣ ትመልሳለች። የመጀመሪያውን ዙር ወሰደች። ቬነስ ያሸነፈችው በሦስተኛው ዙር 8 ለ 6 ነው፤ ጨዋታው ሦስት ሰዓት ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው። በ2013 ደግሞ ሜልበርን ላይ፣ በ42 ዓመቷ፣ ናዲያ ፔትሮቫን 6 ለ 2 እና 6 ለ 0 ሸኘቻት።

በ2016 ጉልበቷን ሁለቴ ቀዶ ሕክምና ተደረገላት። እንደገና ተመለሰች። በ2017 ቶኪዮ ላይ የመጨረሻ ጨዋታዋን በአሌክሳንድራ ክሩኒች 6 ለ 0፣ 6 ለ 0 ተሸነፈች። 46 ዓመቷ ነበር። ቀድማ ብታቆም ክብሯ ይጠበቅ ነበር የሚሉ አሉ። አልስማማም። በ26 ዓመቷ ያቆመችው ሰልችቷት ነው። በ46 ዓመቷ ያቆመችው ሰውነቷ እምቢ ስላላት ነው፣ ልቧማ ገና ሜዳ ላይ ነበር። ለእኔ ከሁለቱ ስንብቶች የሚበልጠው የኋለኛው ነው።