ቀብድ ከመላኩ በፊት፦ አሳዳኝ ድርጅት ስለ መምረጥ

ባለፈው ዓመት ኅዳር ላይ በውጭ አገር የሚኖር የአክስቴ ልጅ ደውሎ አንድ ጉዳይ አደራ አለኝ። የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ኢትዮጵያ መጥቶ ትልቅ አውሬ የማደን ምኞት እንዳለው፣ ድሬዳዋ ውስጥም በሰው በሰው አንድ አሳዳኝ ድርጅት እንደ ተገኘ፣ ቀብዱም በቅርቡ እንደሚላክ ነገረኝና፣ «ጋሼ፣ አንተ ቅርብ ስለሆንክ ወርደህ ሰውየውን በዓይንህ እይልን» አለኝ። እኔ ሐረር ተወልጄ ያደግሁ፣ ኑሮዬንም በጀጎል ውስጥ እንግዶችን በማስጎብኘት የምገፋ ሰው ነኝ፤ ስለ አደን የማውቀው ከአያቶቼ ጨዋታ የሰማሁትን ብቻ ነበር። ሆኖም ዘመድ አደራ ሲል እምቢ ማለት ስለማይሆንልኝ በማግሥቱ የደንገጎን ጠመዝማዛ መንገድ ይዤ ወደ ድሬዳዋ ወረድሁ።

ከዚራ ውስጥ፣ ከትልልቆቹ ዛፎች ጥላ ሥር ያገኘሁት ሰው አንደበቱ የሰላ፣ ስልኩም በአዳኞች ፎቶግራፍ የተሞላ ነበር። «ባቢሌ አካባቢ፣ ከኤረር ሸለቆ ወዲያ፣ ጎፈሩ ጥቁር የሆነ አንበሳ በአምስት ቀን ውስጥ እናስመታለን፤ ካልተመታ ገንዘቡ ይመለሳል» አለኝ። ፈቃዱ በማን ስም እንደሚወጣ ስጠይቀው፣ «አቦ፣ ወረቀቱን ለእኛ ተወው፤ እዚያ ያሉትን ሰዎች ሁሉ እናውቃቸዋለን» ብሎ ወደ ዋጋው ተሻገረ። ይህን መልስ እንደ ሰማሁ ተነሥቼ መሄድ ነበረብኝ። እኔ ግን ለአክስቴ ልጅ ደውዬ ሰውየው ቁም ነገረኛ እንደሚመስል ነገርሁት፤ ቀብዱም ተላከ። ከዚያ በኋላ የፈቃዱን ቁጥር ደጋግሜ ስጠይቅ በመጀመሪያ ቀጠሮው በዛ፣ ቀጥሎም ስልኩ አልነሣ አለ። የጠፋው ገንዘብ ያሳዝነኛል፤ ከዚያ ይልቅ እንቅልፍ የነሣኝ ግን ሰውየው ቃሉን ጠብቆ እንግዳውን ወደዚያ ሸለቆ ወስዶት ቢሆን ኖሮ ምን ይፈጠር እንደ ነበር ማሰቡ ነው።

የባቢሌ ዝሆኖች መጠለያ እ.ኤ.አ. በ1970 የተቋቋመ፣ በኤረር፣ በጎበሌና በዳካታ ሸለቆዎች የተዘረጋ ጥብቅ ሥፍራ ነው። ዝሆኑ፣ ባለ ጥቁር ጎፈሩ አንበሳ፣ አጋዘኑና አምበራይሌው በዚያ የሚኖሩት ከሰፈራ መስፋፋት፣ ከእርሻና ከሕገ ወጥ ገዳዮች ጋር በየዕለቱ እየተጋፉ ነው። መንግሥት በመጋቢት 2007 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ 6.1 ቶን የዝሆን ጥርስ ያቃጠለው የጥርሱ ንግድ ጉዳት አገሪቱን ምን ያህል እንዳቆሰላት ለማሳየት ነበር፤ ሐረር ራሷም በአንድ ዘመን የዝሆን ጥርስ የሚመዘንባት የንግድ ከተማ እንደ ነበረች የከተማዋ ልጆች እናውቃለን። በመጠለያው ክልል ውስጥ አንበሳ የሚተኩስ ሰው፣ ለደላላው የቱንም ያህል ቢከፍል፣ ከሕገ ወጥ ገዳይ የሚለይበት ነገር የለም። እኔም በአስተርጓሚነት አብሬው ብቆም ኖሮ የወንጀሉ ተባባሪ በሆንሁ ነበር።

ከዚህ በኋላ ነው ሕጉን ፈልጌ ማንበብ የጀመርሁት። በአገራችን ስፖርታዊ አደን የተከለከለ አይደለም፤ የሚመራውም በዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541/1999 እና እርሱን ተከትሎ በወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 163/2000 ነው። ሐሳቡ ሲጨመቅ፣ አደን የሚካሄደው ለዚሁ ተብሎ በተከለለ፣ ቁጥጥር በሚደረግበት የአደን ቀበሌ ውስጥ፣ የእንስሳው ዓይነት በተጠቀሰበት ፈቃድ፣ በዓመት ከተመደበው ኮታ ሳያልፍና ፈቃድ ባለው ፕሮፌሽናል አዳኝ መሪነት ነው። ስለዚህ አንድ አሳዳኝ ድርጅት ከሁሉ አስቀድሞ ሊመልሰው የሚገባው ጥያቄ የአደን ቀበሌው ስም ማን ነው የሚለው ነው። «ባቢሌ አካባቢ»፣ «ከሸለቆው ወዲያ» የሚሉት መልሶች ቦታ አይሆኑም። ስሙ ከታወቀ፣ ያ ቀበሌ ለዚያ ድርጅት በውል የተሰጠ መሆኑን፣ ለተፈለገው እንስሳም በዚያ ዓመት ኮታ መኖሩን ከኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን፣ እንደ ቦታውም ከክልሉ መሥሪያ ቤት ጠይቆ ማረጋገጥ ይቻላል። ስሙ የማይነገር ከሆነ ግን የሚረጋገጥ ነገር የለም፤ ንግግሩ እዚያው ላይ ማብቃት አለበት። የጦር መሣሪያ ማስገቢያው ፈቃድም እንዲሁ አስቀድሞ በጽሑፍ የሚያልቅ ጉዳይ ነው።

ብዙ ሰው፣ የአክስቴ ልጅም ጭምር፣ «ሕጉን ማወቅ የድርጅቱ ሥራ ነው፤ የምንከፍለውም ለዚህ ነው» ብሎ ያምናል። ይህን እምነት ለመመርመር እ.ኤ.አ. በ2015 በዚምባብዌ የሆነውን ማስታወስ ይበቃል። ሴሲል የሚባለው የ13 ዓመት አንበሳ ከህዋንጌ ብሔራዊ ፓርክ ወሰን ጥቂት ወጣ ብሎ በሚገኝ መሬት ላይ በመጀመሪያ በቀስት ተመታ፤ ቆስሎ ለሰዓታት ከቆየ በኋላም ተገደለ። አንገቱ ላይ የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ያሰሩለት የመከታተያ መሣሪያ ነበር። ገዳዩ አሜሪካዊ የጥርስ ሐኪም፣ አደኑ ሕጋዊ እንዲሆን የተማመነው በመሪዎቹ እውቀት መሆኑን ተናገረ፤ የዚምባብዌ ባለሥልጣናትም ወረቀቱ የተሟላ ስለ ነበር እንደማይከሱት በዚያው ዓመት አስታወቁ። በመሪው ላይ የተመሠረተው ክስም ቆይቶ በፍርድ ቤት ውድቅ ሆነ። እንግዲህ ማንም አልተቀጣም ማለት ነው፤ ነገር ግን ሐኪሙ ክሊኒኩን ዘግቶ ለሳምንታት ከሕዝብ ዓይን ተሰወረ፣ ስሙም እስከ ዛሬ ከዚያ አንበሳ ጋር ተቆራኝቶ ይነሣል። ከዚህ ታሪክ እኔ የምወስደው፣ የወረቀቱ መሟላት ከፍርድ ቤት ሊያድን ቢችልም፣ ይህ እንስሳ እዚህ ቦታ ላይ በዚህ መንገድ መገደል ይገባው ነበርን የሚለውን ጥያቄ ግን እንደማይመልስ ነው። ያንን ጥያቄ ለአሳዳኙ በገንዘብ ማስተላለፍ አይቻልም።

በሕግ በኩልም ቢሆን ነገሩ በአደኑ አገር ብቻ አያልቅም። የአሜሪካው የሌሲ ሕግ እ.ኤ.አ. ከ1900 ጀምሮ ያለ ሲሆን፣ የሌላ አገር ሕግ ተጥሶ የተገደለን እንስሳ ወደ አሜሪካ ማስገባትን በራሱ ወንጀል ያደርገዋል። ኢትዮጵያም አባል የሆነችበት ሳይተስ የሚባለው፣ ለመጥፋት የተቃረቡ ዝርያዎችን ንግድ የሚቆጣጠረው ዓለም አቀፍ ስምምነት ለብዙ ዝርያዎች የመላኪያ፣ ለአንዳንዶቹም የማስገቢያ ፈቃድ ይጠይቃል። ከሴሲል በኋላ ትልልቅ የአሜሪካ አየር መንገዶች የአንበሳ፣ የነብር፣ የዝሆን፣ የአውራሪስና የጎሽ ትሮፊ (አዳኝ ለማስታወሻ የሚወስደውን የእንስሳ አካል) አንጭንም ብለዋል። «ቆዳውንና ጭንቅላቱን እኛ እናደርስልሃለን» የሚል ድርጅት፣ በየትኛው ፈቃድና በማን በኩል እንደሚያደርስ በውሉ ላይ ካልጻፈ፣ ነገ በጉምሩክ በር ላይ ብቻውን የሚቆመው እንግዳው ነው።

ጠለቅ ብዬ ማውራት የምፈልገው ግን ሕግ ስለማይደርስበት ነገር ነው። አንድ ወንድ አንበሳ በተገደለ ጊዜ መንጋውን የሚወርሰው አዲስ ወንድ አብዛኛውን ጊዜ የቀዳሚውን ግልገሎች ይገድላል፤ ስለዚህ በአንድ ጥይት የሚጠፋው አንድ አንበሳ ብቻ ላይሆን ይችላል። ልጆቹን አሳድጎ የጨረሰ ያረጀ ወንድ ሲሆን ጉዳቱ ይቀንሳል፤ በዚህም ምክንያት ነው በአንዳንድ የአፍሪካ አገሮች ከ6 ዓመት በታች የሆነ አንበሳ እንዳይታደን የተደነገገው። ዕድሜን በሩቁ ከሚያሳዩት ምልክቶች አንዱ አፍንጫው ነው፤ የግልገሉ ሮዝ አፍንጫ አንበሳው በገፋ ቁጥር እየጠቆረ ይሄዳል። የድሬዳዋው ሰው ግን በአምስት ቀን ውስጥ እናስመታለን ሲል ስለ ዕድሜም፣ ስለ መንጋም አንድ ቃል አልተነፈሰም። በቀን የተወሰነ የአንበሳ ተስፋ የሚሰጥ ሰው፣ ወይ ያገኘውን ሁሉ ሊያስመታ ነው፣ ወይም እንስሳው አስቀድሞ ታስሮለታል። ሁለተኛው ነገር ተረት አይደለም፤ በደቡብ አፍሪካ በአጥር ውስጥ ለጥይት የሚረቡ አንበሶች ነበሩ፣ መንግሥትም ይህን ንግድ ወደ ማስቆም እንደሚሄድ ያስታወቀው እ.ኤ.አ. በ2021 ነው።

እኛ ዘንድ ደግሞ ሌላ ጥንቃቄ አለ። ከውጭ የሚመጣው አዳኝ አብዝቶ የሚመኘው ደጋ አጋዘንን ነው፤ ይህ እንስሳ ከኢትዮጵያ ደጋዎች በቀር በዓለም ላይ የትም የለም፣ ከእኛ ወደ ምዕራብ ሐረርጌ ተራሮች ሲወጣም የቁኒ ሙክታር መጠለያ የተከለለው ለእርሱ ሲባል ነው። እንደዚህ ባለ ዝርያ ላይ ኮታን በአንድ ማለፍ የሚያመጣው ጉዳት ቀላል አይደለም። የስዌይን ቆርኬ የሚባለውን የዱር እንስሳ ታሪክ ያየ ይህን ይረዳል፦ ስሙን ያገኘው በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በሶማሌ ሜዳዎች ካደነ እንግሊዛዊ መኮንን ሲሆን፣ በዚያን ጊዜ በዚያ ሜዳ ብዙ መንጋ ነበረው፤ የከብት ደስታ በሽታና ጥይት ተባብረውበት ዛሬ ከእነዚያ ሜዳዎች ጠፍቶ እንደ ሰንቀሌና ማዜ ባሉ ጥቂት ቦታዎች ብቻ ቀርቷል።

ስለ ሰዎቹም ልጨምር። ዱካ የሚከተለው፣ ሥጋውን የሚሸከመው፣ ሌሊት እሳት አንድዶ የሚጠብቀው የአካባቢው ሰው ነው፤ ከብቱን አውሬ የሚበላበትም እርሱ ነው። ከአደኑ ገንዘብ ለእርሱ ምን እንደሚደርስ፣ ዱካ ተከታዩ በቀን ስንት እንደሚከፈለው፣ ሥጋው ለማን እንደሚሰጥ ቢጠየቅ የማያውቅ ድርጅት፣ በዚያ መሬት ላይ ሥር የለውም። እኛ ሐረሮች ከጅብ ጋር በአንድ ቅጥር ተስማምተን የኖርነው ጅቡም፣ ሰውም ድርሻው ስለ ታወቀለት ነው ብዬ አምናለሁ።

ዘንድሮ የአክስቴ ልጅ ሌላ ድርጅት አግኝቶ ጥያቄዎቹን እኔ እንድጽፍለት ለመነኝ። ጻፍሁ። መልሱ በሁለተኛው ቀን መጣ፤ የአደን ቀበሌው በስሙ ተጠርቷል፣ የመሪው ፈቃድ ተያይዟል፣ ቆስሎ ያመለጠ እንስሳ እንደ ተገደለ ተቆጥሮ እንደሚከፈልበት ተጽፏል። በመጨረሻም የዚህ ዓመት የደጋ አጋዘን ኮታ ለሌሎች አዳኞች ስለ ተያዘ እንግዳው ለከርሞ መጠበቅ እንዳለበት፣ ያን ጊዜም ሳይተኩስ ሊመለስ እንደሚችል ገልጸዋል። የአክስቴ ልጅ ኃላፊ መጀመሪያ አልወደደውም ነበር፤ ከሳምንት በኋላ ግን እጠብቃለሁ ብሎ ጽፏል። እኔም የአደን ቀበሌውን ስም ይዤ ለዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ጥያቄ አቅርቤአለሁ። ቀብዱ ገና አልተላከም።