ክፍል ውስጥ ስለምትተኛው ልጅ

ከህጻናትና ከቤተሰብ ጋር የምሰራ ሶሻል ወርከር ነኝ፣ በዚህ ስራ ላይ «ሪፈር አድርገነዋል» የሚለውን መልስ ያህል የሚያናድደኝ ነገር የለም። ሪፈር ተደረገ ሲባል ወረቀቱ ሌላ ቢሮ ደረሰ ማለት ነው፣ ልጁ ጋ ግን ገና ማንም አልደረሰም። ለምን እንደዚህ እንደምል አንድ ኬዝ ልንገራችሁ፣ ቤተሰቡ እንዳይታወቅ ጥቃቅን ነገሮችን ቀያይሬያለሁ፣ ነገርዬው ግን የሆነ ነው።

ኬዙ የመጣው ከትምህርት ቤት ነው። የ9 አመት ልጅ፣ ጎበዝ ነበረች አሉ፣ አሁን ግን ታረፍዳለች፣ አንዳንድ ቀን ጭራሽ አትመጣም፣ ስትመጣ ደግሞ ዴስኩ ላይ ድፍት ብላ ትተኛለች። አስተማሪዋ ተጨንቃ ለዳይሬክተሩ ነገረች፣ ዳይሬክተሩ እናትየውን በደብዳቤ ጠራ፣ አልመጣችም፣ ደግሞ ጠራ፣ አልመጣችም፣ ከዛ «ቤት ውስጥ ቸልተኝነት ሳይኖር አይቀርም» ብሎ ወደኛ ላከው።

ፋይሉን ሳገላብጥ የህጻናት ክሊኒኩ ደብዳቤም አለበት። ገና ጡት የሚጠባ ወንድም አላት፣ ክትባቱና የክብደት ክትትሉ ላይ በተደጋጋሚ ቀርተዋል ይላል። ለቤተሰቡ ድጋፍ የሚከፍለው ቢሮ ደግሞ እናትየው ለእድሳት አልቀረበችም ብሎ ክፍያውን አቁሟል። ትንሽ ቆም ብዬ ሳነበው ምን አየሁ መሰላችሁ፣ ወረቀቶቹ እርስ በርስ ነው የሚጠቃቀሱት። ክሊኒኩ «ትምህርት ቤቱም ስጋት አለው» ይላል፣ ትምህርት ቤቱ «ክሊኒኩም ክትትል ማቋረጧን ገልጿል» ይላል፣ የድጋፍ ቢሮው ሁለቱንም ጠቅሶ «ለመተባበር ፈቃደኛ ያልሆነች እናት» ብሎ ደምድሟል። ሶስት ማስረጃ ይመስላል አይደል? ሶስቱም የሚያውቁት ግን አንድ ነገር ብቻ ነው፣ እሱም ጠዋት ቀጠሮ ላይ አለመገኘቷ። ለምን ብሎ የጠየቀ የለም። ጥርጣሬው ከቢሮ ቢሮ ሲገለበጥ እየወፈረ ሄዶ ልጆቹን ለጊዜው ከቤት ማውጣት ይሻል ይሆን የሚል ሀሳብ ሁሉ ተነስቶ ነበር። ይሄ በጣም ያስፈራኛል፣ ምክንያቱም ተቋማት መረጃ ከተለዋወጡ ተቀናጁ ይባላል፣ የተለዋወጡት ግምት ከሆነስ?

ልጅቷን ያናገረቻት የትምህርት ቤቱ ካውንስለር ናት፣ ልጅቷ እሷን ስለምትወዳት እኔ ልግባ አላልኩም፣ አዲስ ሰው ፊት ህጻን እንደገና ከመጀመሪያው አውሪ ማለት ግፍ ነው። ካውንስለሯም እናትሽ ትመታሻለች ወይ ምናምን አላለቻትም፣ «ማታ ማታ ምን ትሰሪያለሽ» ብቻ ነው ያለቻት።

«እማዬን አያታለሁ።»

«ምን ሆና?»

«ስትንቀጠቀጥ በጎኗ አዞራታለሁ። አፏ ውስጥ ምንም አላስገባም። ሰዓት አያለሁ፣ 5 ደቂቃ ካለፈ እደውላለሁ።»

ካውንስለሯ ደንግጣ ይሄን ማን አስተማረሽ ስትላት «የአምቡላንሷ ሴትዮ፣ በስልክ» አለቻት።

እናትየው የሚጥል በሽታ አለባት። ልጅቷ የተናገረችው ደግሞ አንድም ስህተት የለውም፣ ሰው ሲጥለው የሚደረገው እሱው ነው። ግን እሱን ስትጠብቅ ሌሊቱን ቁጭ ብላ የምታነጋ የ9 አመት ልጅ ጠዋት ክፍል ውስጥ ብትተኛ ምን ይገርማል? በሽታው የሚነሳባት በብዛት ሌሊት ነው፣ በነጋታው እናትየው ግራ ይገባታል፣ ሰውነቷ ይዝላል፣ ትተኛለች፣ ቀጠሮዎቹ በሙሉ ደግሞ ጠዋት ናቸው። ህጻኑ ከተወለደ ወዲህ እንቅልፍ የሚባል ነገር የላትም፣ እንቅልፍ ማጣት ራሱ ደግሞ በሽታውን ከሚቀሰቅሱት ነገሮች አንዱ ነው። የአዋቂዎች ነርቭ ክሊኒኩ በሽታዋን ያውቃል፣ ቤት ውስጥ ልጆች እንዳሉ ግን ካርዷ ላይ የለም። የአምቡላንስ ሰዎቹ የህጻን ድምጽ ሰምተዋል፣ መጥተው እናትየውን ረድተው ሄደዋል፣ የደወለችው ህጻን መሆኗን ግን ለማንም አላሳወቁም። እነዚህ ሰዎች ሰነፎች አይደሉም፣ አዋቂ የሚያክም ሰው የሚያየው አዋቂውን ስለሆነ ነው። ለኔ ትልቁ ክፍተት እሱ ነው፣ አዋቂ የሚያክም፣ ለአዋቂ ገንዘብ የሚከፍል፣ አዋቂ የሚያሳድር ሁሉ «ቤት ውስጥ ልጅ አለ? አንቺ ስትታመሚ ማን ያየዋል?» ብሎ መጠየቅ አለበት።

ነገሩ አዲስ አይደለም። በዚህ ሙያ ያለ ሰው የቪክቶሪያ ክሊምቢዬን ስም ሳይሰማ አይቀርም፣ እ.ኤ.አ. በ2000 ለንደን ውስጥ በ8 አመቷ በአሳዳጊዎቿ ተሰቃይታ የሞተችው ልጅ። 4 የማህበራዊ አገልግሎት ቢሮዎች፣ 2 ሆስፒታሎችና 2 የፖሊስ የህጻናት ጥበቃ ቡድኖች ነገሯ ደርሷቸው ነበር። በ2003 የወጣው፣ ጉዳዩን ያጣራው የሎርድ ላሚንግ ሪፖርት ቢያንስ 12 ጊዜ ጣልቃ መግባት ይቻል እንደነበር አሳይቶ 108 ምክረ ሀሳብ አቀረበ፣ በቀጣዩ አመት እዛው እንግሊዝ የወጣው የህጻናት ህግ ደግሞ ተቋማቱ እንዲተባበሩ ግዴታ ጣለባቸው። የኛ ኬዝ ከዛ ጋር አይነጻጸርም፣ ይቺ እናት ለልጆቿ የምትሞት ሰው ናት። ግን እዛ የነበረ በደል ሳይታይ ቀረ፣ እዚህ ደግሞ ያልነበረ በደል ሊታይ ነበር፣ ሁለቱም የሚመጣው ሁሉም የያዘውን ቁራጭ ይዞ ስለሚቀመጥ ነው።

ሁሉንም በአንድ ጠረጴዛ ለመሰብሰብ ስልክ ስደውል እናትየው ትኑር ማለቴ ብዙ አጨቃጨቀ። «እሷ ባለችበት በነጻነት መነጋገር አንችልም» ያሉ ነበሩ። እሷ ፊት የማይባል ነገር ከሆነ እሷ በሌለችበትም ባይባል ይሻላል ባይ ነኝ፣ ልጁ ላይ አደጋ የሚያመጣ ካልሆነ በስተቀር። የነርቭ ክሊኒኩ ነርስ ደግሞ የታካሚ ሚስጥር አላወጣም አለች፣ ልክ ናት። ልጅ አደጋ ላይ ከሆነ ያለ ፈቃድም ቢሆን መናገር ይፈቀዳል፣ እዚህ ግን እናትየውን መጠየቅ ይቻላል፣ ስለዚህ ጠየቅናት። ምን ለማን እንደሚነገር ራሷ መርጣ ፈረመች። ትምህርት ቤቱ በሽታዋንና የልጅቷን ሌሊት እንዲያውቅ ፈቀደች፣ የመድሃኒቷን አይነት ግን አይመለከተውም አለች፣ እውነትም አይመለከተውም።

ሚቲንጉ ላይ መጀመሪያ ዝም አለች። በኋላ ነው «ብናገር ልጆቼን ትወስዱብኛላችሁ ብዬ ነው» ያለችው፣ ቀጥላም «ሁላችሁም ጠዋት ትጠሩኛላችሁ፣ እኔ እኮ ሲጥለኝ ካደረ ከሰዓት በፊት መቆም አልችልም»። ክፍሉ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ቀና ብሎ ተያየ። የህጻናት ክሊኒኩ እዛው የከሰዓት ቀጠሮ ሰጣት፣ የነርቭ ክሊኒኩ መድሃኒቱን እንደገና ለማየት ቀኑን አቀረበላት፣ እህቷ ሌሊት አብራት ልታድር ተስማማች። እያንዳንዱ ስራ አጠገብ የሰው ስም እና ቀን ጻፍንበት፣ «ትምህርት ቤቱ ይከታተላል» የሚባል ነገር የለም፣ ትምህርት ቤት አይከታተልም፣ የሚከታተለው ሰው ነው። አስተባባሪ የሆነችውም ካውንስለሯ ናት፣ እናትየው አንድ ቁጥር ብቻ ይኑረኝ ስትል የመረጠችው የሷን ነው።

አንድ ያልጠበቅነው ነገር ልጅቷ ራሷ ናት። ሁላችንም ሸክሙን ሙሉ በሙሉ እናንሳላት ብለን ነበር፣ እሷ ግን ለካውንስለሯ «ካልነገራችሁኝ የበለጠ እፈራለሁ» አለቻት። እ.ኤ.አ. የ1989ኙ የተባበሩት መንግስታት የህጻናት መብቶች ኮንቬንሽን አንቀጽ 12 ህጻን በሚመለከተው ጉዳይ ይሰማ የሚለው እንደዚህ አይነቱን ነው። ስለዚህ ነርሷ በእድሜዋ ልክ በሽታውን አስረዳቻት፣ የአምቡላንሱ ስልክ ቁጥርም ከእጇ አልተወሰደም፣ ሌሊት የሚነቃው ግን ሌላ ሰው ሆነ።

አሁን ክፍል ውስጥ አትተኛም፣ ህጻኑም ክትባቱን እየጨረሰ ነው። የነርቭ ክሊኒኩ አዲስ ታካሚ ሲመዘግብ ቤት ውስጥ ስላሉ ልጆች መጠየቅ ጀምሯል፣ የአምቡላንሶቹ ኃላፊም ደዋዩ ህጻን ከሆነ በነጋታው እኛ ጋ እንዲደወል አዟል። ያላለቀው የድጋፍ ክፍያው ነው፣ ቢሮው ከአሁን በኋላ እከፍላለሁ እንጂ የቆመበትን ጊዜ አልመልስም ብሏል፣ እኛ ደግሞ ከሀኪም ማስረጃ ጋር ይግባኝ አስገብተናል። የሚቀጥለው ሚቲንግ የመጀመሪያ አጀንዳ እሱ ነው፣ ከሰዓት ነው የተቀጠረው።