ኬፕ ቨርዴን በማጥናት ላይ፦ እስካሁን የደረስኩበት

አብዛኞቻችን ኬፕ ቨርዴን የምናውቃት በኳስ ነው። በ2022 መጀመሪያ በያውንዴ፣ በአፍሪካ ዋንጫ፣ ዋልያዎቹን 1 ለ 0 የረታችው አገር ናት፤ በ2025 ደግሞ ለዓለም ዋንጫ አልፋለች። ሕዝቧ ግማሽ ሚሊዮን ገደማ ነው። እኔንም ወደ ታሪኳ የመራኝ ይኸው ኳስ ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አሥሩ ደሴቶች ከሴኔጋል በስተምዕራብ በአትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ የተበተኑ ናቸው። ፖርቱጋሎች በ15ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ሲደርሱ ሰው አልነበረባቸውም። ስለዚህ በዚያች አገር ጥንታዊ ባለርስት ፈልጎ ማግኘት አይቻልም፤ ጌታውም ባሪያውም በመርከብ የመጣ ነው። በ1462 በሳንቲያጎ ደሴት የተቆረቆረችው ሪቤራ ግራንዴ፣ የዛሬዋ ሲዳዴ ቬልያ፣ የባሪያ ንግድ መናኸሪያ ሆነች። ከምዕራብ አፍሪካ ጠረፍ ከተጋዙት ከፊሎቹ ወደ ሌላ አገር ተሸጡ፤ የቀሩት ጥጥ አመረቱ፣ ሸመኑ። ጨርቁ በጠረፉ ላይ እንደ ገንዘብ ይሠራ ስለነበር ባሪያ በሸመነው ሌላ ባሪያ ይገዛበት ነበር። ከዚህ ቦታ በቶሎ ማለፍ አልቻልኩም።

ከዚያ በኋላ ማንበብ የፈለግሁት የማንነትን ክርክር ነበር፦ አፍሪካውያን ናቸው ወይስ የፖርቱጋል ቅጥያ? ማስታወሻዬን በሁለት ዓምድ ከፈልኩት። በአንዱ ሳንቲያጎን አኖርኩ፤ ከባርነት አምልጠው ተራራ የገቡ ሰዎች ዘሮች የሚኖሩባትን፣ ባቱኩ የተባለውን የሴቶች ጭፈራ ቅኝ ገዢዎች ያፈኑባትን። በሌላው የሳው ቪሴንቴን ደሴት፤ ወደቧ ሚንዴሎ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ለእንግሊዝ መርከቦች ከሰል በመሙላት ያደገች፣ ፊቷን ወደ ባሕር ያዞረች ከተማ ናት። በ1936 በሚንዴሎ ክላሪዳዴ የተባለ የሥነ ጽሑፍ መጽሔት ታተመ። በዚያው ዓመት በሳንቲያጎ የፖርቱጋሉ አምባገነን የሳላዛር መንግሥት ተቃዋሚዎቹን የሚያጉርበት የታራፋል እስር ቤት ተከፈተ።

አከፋፈሉ ደስ ቢልም ብዙ አላራመደኝም። ሦስተኛ ዓምድ ጨምሬ "ድርቅ" ስለው ግን ነገሩ መልክ ያዘ። በ1940ዎቹ ብቻ ሁለት ጊዜ በደረሰው ረሃብ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ሞተዋል። ከፊሉ ሕዝብ በኮንትራት ሌላዋ የፖርቱጋል ቅኝ ግዛት ወደነበረችው ሳኦ ቶሜ የካካዎ እርሻ ተጓዘ፤ ከዚያ አስቀድሞም ብዙዎች በዓሣ ነባሪ አዳኝ መርከቦች ተቀጥረው አሜሪካ ኒው ቤድፎርድ ደርሰዋል። ዛሬ በውጭ የሚኖረው የኬፕ ቨርዴ ተወላጅና የልጅ ልጅ አገር ውስጥ ካለው ይበልጣል። ዘፋኟ ሴዛሪያ ኤቮራ ያስተዋወቀችን የሞርና ዜማም የተሳፋሪና ከወገኑ የተለየ ሰው ዜማ ነው። በእኔ አስተያየት ከዘር መደባለቅ ይልቅ የዝናብ መጥፋትና የስደት ጉዞ ናቸው ይህን ሕዝብ አንድ ያደረጉት።

የኬፕ ቨርዴንና የጊኒ ቢሳውን የነጻነት ንቅናቄ የመራውን አሚልካር ካብራልንም በዚሁ ዓይን ሳነበው ይበልጥ ገባኝ። ወላጆቹ ከኬፕ ቨርዴ፣ የተወለደው በዛሬዋ ጊኒ ቢሳው፣ የተማረው በሚንዴሎና በሊዝበን፣ ሙያው ግብርና ነው። ስለ አፈር መሸርሸር ያጠና ሰው የነጻነት ንቅናቄ ቢመራ አይደንቅም፤ ረሃቡ ከሰማይ ብቻ የመጣ አልነበረምና። በጥር 1973 ኮናክሪ ላይ ተገደለ፤ አገሩም ሐምሌ 5 ቀን 1975 ነጻ ወጣች። ከጊኒ ቢሳው ጋር የመዋሐድ ሐሳቡ በ1980 በቢሳው ከተደረገው መፈንቅለ መንግሥት በኋላ ተቀበረ።

ባንዲራውም አብሮ ተለወጠ። የ1975ቱ እኛ የምናውቃቸውን አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ የያዘ ነበር። በ1992 ሰማያዊው ተተካ፤ አሥር ኮከቦችም ተደረደሩበት፣ አንዷ ደሴት ሳንታ ሉዚያ ነዋሪ ባይኖራትም። አንዳንዶች ይህን ከአፍሪካ መራቅ አድርገው ይቆጥሩታል። እኔ ግን ባሕሩን ነው የማይበት።

ቀጥሎ የማጠናው የሳኦ ቶሜን የኮንትራት ሠራተኞች ነው። ከእናንተ ፖርቱጋልኛ የምታነቡ ካላችሁ የድሮ የጉልበት ውሎችን አብረን ብናይ ደስ ይለኛል፤ መጀመር ለምትፈልጉም ምክሬ አንድ ነው፦ ከነጻነቱ ትግል ሳይሆን ከድርቁ ጀምሩ።